በጎንደር ሆቴል ዓመቱን ሙሉ ስንት ሠራተኛ ያስፈልጋል? ሠራተኛን ሳይጎዱ የሰው ኃይል የማቀድ ዝርዝር መመሪያ

ታኅሣሥ ሲጋመስ በጎንደር የሆቴል በሮች ላይ «አስተናጋጅ እንፈልጋለን» የሚል ወረቀት ይበዛል። ሐምሌ ሲገባ እዚያው ሆቴል ውስጥ አስተናጋጆቹ በባዶ አዳራሽ ብርጭቆ ሲወለውሉ ይውላሉ፤ ባለቤቱም ማንን እንደሚያሰናብት ያሰላስላል። በሁለቱም ወቅት ሸክሙ የሚያርፈው ሠራተኛው ላይ ነው፤ በጥር ያለ እረፍት ይሠራል፣ በሐምሌ ያለ ደመወዝ ቤቱ ይቀመጣል። ይህ መሆን የለበትም። የጎንደር የእንግዳ ወቅት ቀድሞ የሚታወቅ ነውና ቀድሞ ሊሰላ ይችላል።

መመሪያው መካከለኛ ሆቴል ወይም ሎጅ ለሚያስተዳድሩ የታሰበ ነው፤ ሠራተኞችም ቢያነቡት ይጠቅማቸዋል። ደብተርና የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል። ሕግ ስጠቅስ የማወራው ስለ አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው።

1. የዓመቱን ቀን መቁጠሪያ ዘርጉ

ትልቅ ወረቀት ላይ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ያሉትን ሳምንታት ጻፉ። መጀመሪያ የማይንቀሳቀሱትን ቀናት አስገቡ፦ መስቀል መስከረም 17፣ የነቢያት ጾም መያዣ ኅዳር 15፣ ገና ታኅሣሥ 29፣ ከተራና ጥምቀት ከጥር 10 እስከ 12፣ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 ጀምሮ። ቀጥሎ በባሕረ ሐሳብ የሚወጡትን ጨምሩ፦ ዐቢይ ጾም የሚገባበት ቀን፣ ከ55 ቀን በኋላ የሚውለው ፋሲካ፣ የሐዋርያት ጾም መጀመሪያ። የሙስሊም በዓላትም ይግቡ። የዩኒቨርሲቲው ምረቃ ቀን እንደታወቀ ይመዝገብ፤ ወላጆች ከየክፍለ ሀገሩ ሲመጡ ዝናብ በሚዘንብበት ወቅት እንኳ አልጋ ይጠፋል።

ጾሙን ያስገባሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሠርግ በጾም አይደገስም። ስለዚህ ከጥምቀት ማግስት እስከ ሁዳዴ መግቢያ ያሉት ሳምንታት የአዳራሽ ሥራ የሚጨናነቅባቸው ናቸው፤ ሁዳዴ ዘግይቶ በሚገባበት ዓመት ጊዜው ይሰፋል፣ ቀድሞ ሲገባ ይጠባል። ከፋሲካ በኋላ እስከ ሐዋርያት ጾም ሁለተኛው የሠርግ ወቅት ነው። ያንን ልዩነት በየዓመቱ ያላየ ሥራ አስኪያጅ ባለፈው ዓመት ቁጥር ተመርቶ ሰው ይቀጥርና የሁዳዴ የመጀመሪያ ሰኞ ላይ ግራ ይጋባል።

ከዚያ ያለፉትን ዓመታት የአልጋ መዝገብ አውጡና በየሳምንቱ ስንት ክፍል እንደተያዘ ጻፉ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። 2012 ኮሮና የገባበት ነው፤ ከ2013 እስከ 2015 የሰሜኑ ጦርነት ነበር፤ ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በክልሉ ያለው ግጭት የውጭ ጎብኚውን ቀንሶታል። ወደ ሰሜን ተራሮች ለመሄድ ጎንደር አድሮ በማግስቱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ተጉዞ ደባርቅ የሚገባው መንገደኛ እንደ ቀድሞው አይደለም። የዛሬው እንግዳ በአብዛኛው የስብሰባ ተሳታፊ፣ የሠርግ ዘመድና ለበዓል የመጣ የአገር ውስጥ ጎብኚ ነው። በዚህ ምክንያት ሁለት ዕቅድ አዘጋጁ፤ አንዱ መንገድና በረራ ሰላም በሆነበት፣ ሌላው እንግዳ በግማሽ በሚቀንስበት ሁኔታ። ቋሚ ቅጥራችሁን በሁለተኛው ዕቅድ ላይ መሥርቱ።

2. ሰው ከመቁጠር በፊት የሥራ መደብ ቁጠሩ

«አሁን 34 ሠራተኛ አለኝ፣ ይበቃኛል ወይስ አይበቃኝም?» ብሎ መጀመር መልስ አያስገኝም። በእያንዳንዱ ፈረቃ ሰው ሊቆምበት የሚገባውን ቦታ ቁጠሩ። የእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ሌሊትም ቀንም ሰው ይፈልጋል፤ በቀን ሦስት ፈረቃ ማለት ነው። ታዲያ ሦስት ሰው ይበቃል? አይበቃም፤ ብዙ ሆቴል የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ሠራተኛ በዓመት ስንት ቀን በሥራ ላይ እንደሚገኝ አስሉ። ከ365 ቀን ላይ በሳምንት አንድ የእረፍት ቀን፣ ማለትም 52 ይቀነሳል። ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይቀነሳል፤ ይህ በየሁለት ተጨማሪ ዓመት አንድ ቀን ይጨምራል። ለሕመም፣ ለሐዘንና ለሠርግ 5 ቀን ያዙ። በሆቴል የሕዝብ በዓል ሥራ የሚበዛበት ስለሆነ በዓላቱ እንደሚሠሩ ቁጠሩ። የሚቀረው 292 ነው። 365ን ለ292 ስታካፍሉ 1.25 ይመጣል። ይህን ቁጥር ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ዓመቱን ሙሉ ክፍት የሆነ እያንዳንዱ መደብ በ1.25 ይባዛል፤ ለመቀበያው ጠረጴዛ 3 ሲባዛ በ1.25 3.75 ይሆናል፣ አራት ሰው ማለት ነው።

በሦስት ሰው የሚሠራ ሆቴል አራተኛውን ሰው አላተረፈም። የአራተኛውን ሥራ የሦስቱ የእረፍት ቀንና የዓመት ፈቃድ እየሠራው ነው። አንዱ ሲታመም ሌላው ሁለት ፈረቃ አከታትሎ ይቆማል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ጥሩው ሠራተኛ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ እናንተም ከዜሮ ማሠልጠን ትጀምራላችሁ።

3. የክፍል ጽዳትን በደቂቃ አስሉ

ባለ 40 ክፍል ሆቴል እንውሰድ። እንግዳ የለቀቀው ክፍል 40 ደቂቃ፣ እንግዳ ያለበት ክፍል 25 ደቂቃ ይፈልጋል እንበል፤ የራሳችሁን ክፍል ግን በሰዓት ለኩት፤ የምትለኩት በጣም ፈጣኗን ሠራተኛ ሳይሆን መካከለኛዋን ነው። ከ8 ሰዓት ፈረቃ ላይ ምግብ፣ ልብስ መቀየርና ጋሪ መሙላት ሲወጣ 7 ሰዓት፣ ማለትም 420 ደቂቃ ይቀራል።

የጥምቀት ዕለት 40ውም ክፍል ተይዞ 10 እንግዳ ቢለቅ፦ 10 በ40 ደቂቃ 400፣ 30 በ25 ደቂቃ 750፣ በድምሩ 1,150 ደቂቃ። ለ420 ሲካፈል 2.7 ነው፤ ሦስት ሰው ይበቃል። ጥር 13 ላይ ታቦታቱ ገብተው፣ እንግዳው ሻንጣውን ይዞ ወደ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያና ወደ መናኸሪያ ሲጎርፍ 35 ክፍል ቢለቀቅ ግን 35 በ40 ደቂቃ 1,400፣ ቀሪው 5 ክፍል 125፣ በድምሩ 1,525 ደቂቃ ይሆናል። አራት ሰው። ለጽዳት ክፍል ከባዱ ቀን በዓሉ አይደለም፣ ማግስቱ ነው። ብዙ ሆቴሎች ግን በጥር 12 ማታ ተጨማሪዎቹን ሠራተኞች አመስግነው ይሸኛሉ፣ ቋሚዎቹም በማግስቱ ወገባቸው እስኪቆረጥ ይሠራሉ።

የጎንደርን ውኃ ሳናስገባ ስሌቱ አይሞላም። ከአንገረብ ግድብ የሚመጣው ውኃ ለከተማዋ አልበቃ ካለ ቆይቷል፤ ውኃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ሲያልቅ ሠራተኛዋ ጀሪካን ተሸክማ ደረጃ ትወጣለች። በእያንዳንዱ ክፍል 10 ደቂቃ ብትጨምሩ የጥር 13 ሥራ 1,925 ደቂቃ ይሆንና አምስት ሰው ይጠይቃል። ይህን ደቂቃ በዕቅዱ ውስጥ ያላስገባ ሥራ አስኪያጅ «ዛሬ ክፍሎቹ ዘገዩ» ብሎ የሚቆጣው ያለ አግባብ ነው። ልብስ ማጠቢያውንም ከውኃው ፈረቃ ጋር አስማሙ። ውኃ ማታ የሚመጣ ከሆነ የላውንደሪ ሠራተኛው ከጧት ጀምሮ ሲጠብቅ መዋል የለበትም፤ የዚያን ቀን ፈረቃው ከሰዓት በኋላ ይጀምር።

በሐምሌ 12 ክፍል ብቻ ቢያዝና አምስቱ ቢለቀቁ ሥራው 375 ደቂቃ ነው፣ አንድ ሰው። ስለዚህ ይህ ሆቴል በዓመት ውስጥ ከአንድ እስከ አምስት የጽዳት ሠራተኛ በቀን ይፈልጋል። የእኔ ምክር በቀን ሁለት መደብ በቋሚነት መያዝ ነው፤ በ1.25 ሲባዛ 2.5፣ ማለትም ሦስት ቋሚ ሠራተኛ። ቀሪው በወቅታዊ ውል ይሞላ።

4. ወጥ ቤትና አዳራሽ

ወጥ ቤቱን የሚወስነው ጾሙ ነው። በሁዳዴ ሥጋ ቆራጩና የጥብስ ክፍሉ ሥራ ሲፈቱ የጾም ቡፌ፣ ሽሮና አትክልት የሚሠራው ጎን ይጨናነቃል። ሥጋ ቆራጩ የጾም ምግብ ዝግጅትን፣ የጾም ምግብ አብሳይዋ ቁርስን እንዲለምዱ በጥቅምት አሠልጥኗቸው። ይህ ብቻ የአንድ ሰው ቅጥር ያድናል፣ ሰውየውንም በጾም ወራት «ትርፍ ነህ» ከመባል ያድነዋል። ተጨማሪ ሙያ ያወቀ ሠራተኛ ግን በደመወዙ ላይ ሊታይለት ይገባል።

ለሠርግ በቡፌ ለ25 እንግዳ አንድ አስተናጋጅ፣ ጠረጴዛ ላይ ለሚቀርብ ምግብ ለ15 አንድ ብዬ እጀምራለሁ። 400 ሰው የተጠራበት የቡፌ ሠርግ 16 አስተናጋጅ ይፈልጋል። ዕቃ አጣቢዎችን አትርሱ፤ ድግሱ ካለቀ በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት ድስት የሚያጥቡት እነሱ ሆነው ሳለ ቁጥራቸው ሁልጊዜ የመጨረሻ ነው።

5. ለእያንዳንዱ ሰው ትክክለኛውን ውል ስጡ

በአዋጁ መሠረት የሥራ ውል በመርህ ደረጃ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል። ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር የሚቻለው ሕጉ በዘረዘራቸው ሁኔታዎች ነው፤ ከእነዚህ መካከል በየዓመቱ እየተደጋገመ በተወሰነ ወቅት ብቻ የሚሠራ ሥራ፣ ያልተለመደ የሥራ ጫናና ለጊዜው የሌለን ሠራተኛ መተካት ይገኙበታል። የጥምቀትና የሠርግ ወቅት ቅጥር እዚህ ውስጥ ይገባል። ዓመቱን ሙሉ የሚሠራን እንግዳ ተቀባይ በየሦስት ወሩ ውል እያደሱ ማቆየት ግን አይገባም።

ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር የያዘ፣ የተፈረመ ደብዳቤ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ ይሆናል፣ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። አምና ለጥምቀት የሠራችውን አስተናጋጅ ዘንድሮ ለዚያው ሥራ ብትጠሯት ዳግም ሙከራ የሚባል ነገር የለም። የወቅት ሠራተኞቻችሁን ስም፣ ስልክና ችሎታ በመዝገብ ይዛችሁ በኅዳር ደውሉላቸው። በየዓመቱ የሚመለስ ሰው የክፍሎቹን ቁጥርና የወጥ ቤቱን ልማድ ያውቃል፤ ገና ከበር የገባ ሰው በጥር 10 ማታ የሚማርበት ጊዜ የለም።

በበዓል ሰሞን ተማሪዎችን ማስገባት ተለምዷል። ከ15 ዓመት በታች መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ያለው ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ በሌሊት፣ በትርፍ ሰዓት፣ በሳምንት እረፍትና በሕዝብ በዓል ቀን አይሠራም። ስለዚህ በጥምቀት ዕለት በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ሥራ ላይ ሊገኝ አይችልም። ይህን ለማለፍ ሰበብ አትፈልጉ።

6. ፈረቃውን አውጡ፣ ቀድማችሁም ለጥፉ

ለጎንደር የሚመቸው ክፍፍል ከጧቱ 12 እስከ ቀኑ 8፣ ከ8 እስከ ምሽቱ 4፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ነው። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው፤ በየሰባት ቀኑ ሳይቆራረጥ ቢያንስ 24 ሰዓት እረፍት አለ። እረፍቱ እሑድ ባይሆንም ቀኑ የታወቀ ይሁን። በእረፍት ቀኑ የተጠራ ሠራተኛ ምትክ እረፍት ይሰጠዋል።

በቁርስና በእራት መካከል ያለው የሞተ ሰዓት ብዙ ክርክር ያስነሳል። አስተናጋጁ ከጧቱ 12 ገብቶ እስከ 5 ይሠራል፣ «እራት ላይ ትፈለጋለህ» ተብሎ እስከ ምሽቱ 12 ግቢ ውስጥ ይቀመጣል። በሕጉ የሥራ ሰዓት ማለት ሥራ የተሠራበት ብቻ ሳይሆን ሠራተኛው ለሥራ ዝግጁ ሆኖ የተገኘበትም ጊዜ ነው። እንዳይሄድ ከተነገረው ሰዓቱ ይቆጠርለታል። በእርግጥ ነፃ ነው ካላችሁም ቤቱ ጠዳ ወይም ወለቃ ለሆነ ሰው ሁለት ጊዜ ትራንስፖርት ማለት መሆኑን አስቡ። ከተቻለ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ቁርስና እራትን ይከፋፈሉ።

ምሽት 4 ላይ ከሥራ የሚወጡ ሴቶች ጉዳይ በጽሑፍ መልስ ሊያገኝ ይገባል። በዚያ ሰዓት ባጃጅ ማግኘት ከባድ ነው፤ ጸጥታው በሚያሠጋ ጊዜ ደግሞ ጭራሽ አይገኝም። ሰርቪስ መኪና መመደብ፣ ያ ካልሆነ የሚቆለፍ በርና የራሷ አልጋ ያለበት ማደሪያ ማዘጋጀት የአሠሪው ድርሻ ነው። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ባለው ጊዜም ሆነ በትርፍ ሰዓት አትመደብም። የወሊድ ፈቃዱ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን፣ ከሙሉ ክፍያ ጋር ነው። ከአራት ወር ገደማ ስለማያንስ ተተኪውን በጊዜያዊ ውል ቀድማችሁ ያዙ፤ እሷም መደቧ እንደሚጠብቃት ከመሄዷ በፊት ትወቅ።

7. የትርፍ ሰዓትና የበዓል ክፍያን ቀድማችሁ በጀት ያዙ

ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም፤ የሚፈቀደውም እንደ አደጋ፣ አስቸኳይ ሥራና የቀረ ሠራተኛ መተካት ላሉ ምክንያቶች ነው። ጥምቀት ከዓመት በፊት ቀኑ ይታወቃል። ስለዚህ ዋናው መፍትሔ ተጨማሪ ሰው ነው፤ ትርፍ ሰዓት የሚመጣው ያ ሁሉ ተደርጎ ሲጎድል ነው።

ደመወዙ 6,240 ብር የሆነ አስተናጋጅን ለምሳሌ እንውሰድ። በወር 208 ሰዓት ሲካፈል ሰዓቱ 30 ብር ነው። ከጧቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ያለው ትርፍ ሰዓት በ1.5 ይባዛል፣ 45 ብር። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 በ1.75፣ 52 ብር ከ50። በሳምንት እረፍት ቀን በ2፣ 60 ብር። በሕዝብ በዓል ትርፍ ሰዓት በ2.5፣ 75 ብር። በሕዝብ በዓል ላይ የሚሠራው መደበኛ ሰዓት ደግሞ በ2 ይባዛል። ስለዚህ ጥር 11 ቀን 8 ሰዓት ሠርቶ 3 ሰዓት ቢጨምር 480 እና 225፣ በድምሩ 705 ብር ይሆናል። ከተራና ቃና ዘገሊላ በጎንደር ከበዓሉ እኩል ቢደምቁም በሕጉ የሚቆጠረው ጥር 11 ነው። ለሦስቱም ቀን አንድ ዓይነት ክፍያ የሚያደርግ ሆቴል ግን ሠራተኛው አይረሳውም፤ አቅም ያለው ያድርገው።

በደመወዝ ላይ አሠሪው 11 በመቶ ጡረታ ያዋጣል፣ ከሠራተኛው 7 በመቶ ይቆረጣል። ከደንበኛ የሚሰበሰበው የአገልግሎት ክፍያ በአዋጁ ደመወዝ አይደለም፤ ስለዚህ «ሰርቪስ ቻርጅ ታገኛለህ» እያሉ ደመወዝ ዝቅ ማድረግ ሠራተኛውን በባዶው ሐምሌ እጅግ ይጎዳዋል። አከፋፈሉን ወጥ ቤቱንና ጽዳቱን ጨምሮ በጽሑፍ አውጡ፤ በየወሩ የተሰበሰበውን ድምር ሁሉም በሚያየው ቦታ ለጥፉ።

ብርጭቆ ተሰበረ፣ ፎጣ ጠፋ ብሎ ከደመወዝ መቁረጥ ያለ ሕግ፣ ያለ ኅብረት ስምምነት፣ ያለ ሥራ ደንብ፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ያለ ሠራተኛው የጽሑፍ ፈቃድ አይቻልም፤ ሲቻልም በወር ከደመወዙ አንድ ሦስተኛ አያልፍም።

8. ክረምቱን ሰው ሳታባርሩ አሳልፉ

የዓመት ፈቃድ መርሐ ግብርን በጥቅምት አውጡ። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ስለሆነ ልጆች ላሏቸው ተስማሚ ነው፤ ሁዳዴም ቀዝቃዛ ወቅት ነው። ፈቃድ በስምምነት ለሁለት ሊከፈል ይችላል። የ16 ቀኑ ፈቃድ ለ30 ሠራተኛ 480 የሥራ ቀን ነው፤ ይህን በሙሉ በቀዝቃዛው ወራት ብትበትኑት የ«ትርፍ ሠራተኛ» ጥያቄ አብዛኛው ይፈታል። የቀረውን ጊዜ ለቀለም፣ ለፍራሽ ማውጣት፣ ለመጋዘን ቆጠራ፣ ለቋንቋና ለሙያ ሥልጠና አውሉት።

«ሥራ ሲኖር እንጠራሃለን» ብሎ ያለ ክፍያ ቤት መስደድ ሕጋዊ አይደለም። ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ወይም በአሠሪው ጥፋት ባልመጣ የገንዘብ ችግር ሥራ ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀን የሚቋረጥ ከሆነ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይን ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ማሳወቅ ይጠይቃል። የሠራተኛ ቅነሳ የግድ ከሆነም ከሠራተኞች ተወካዮች ጋር መመካከር፣ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያና የሥራ ስንብት ክፍያ አለው። አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። ባለቤቶች ይህን ሲሰሙ ይደነግጣሉ፤ በክረምት መቀነስ ያለበትን ወጪ በጠረጴዛ ዙሪያ የሚነጋገሩት ወኪል ሲኖር ግን መስማማት ይቀላል።

9. በየካቲት ዕቅዱን ከሆነው ጋር አስተያዩ

ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ሁሉም ገና በሚያስታውስበት ሳምንት፣ የየክፍሉን ኃላፊ ብቻ ሳይሆን ከእያንዳንዱ ክፍል አንድ ተራ ሠራተኛም ጠርታችሁ ተቀመጡ። ከጥር 8 እስከ 14 በየቀኑ ስንት ሰው እንደታቀደ፣ ስንት እንደመጣ፣ ስንት ትርፍ ሰዓት እንደተሠራ፣ ስንቱ የሳምንት እረፍቱን እንዳላገኘና ምትኩ መቼ እንደሚሰጠው በአንድ ገጽ ጻፉ። የጽዳት ደቂቃዎቹን እንደገና ለኩ። እንግዳ ወይም አለቃ ያስቸገራት ሠራተኛ ካለች የምትናገርበት ሰው ሴት ትሁን፣ ከቅርብ አለቃዋም ውጭ ትሁን፤ ወሲባዊ ትንኮሳ በአዋጁ የተከለከለ ነው፤ ሰክሮ የሚያስቸግር እንግዳን ከክፍል የማስወጣት ሥልጣን ለፈረቃው ኃላፊ በጽሑፍ ይሰጥ። ከዚያ ገጹን ለሚቀጥለው ኅዳር በቀን መቁጠሪያው ላይ አያይዙት፤ የወቅት ሠራተኞቹን ስትደውሉ አጠገባችሁ ይሁን።